ማሾን በባትሪ ማብራት

ማሾ በግፊት የሚሠራ የነጭ ጋዝ መብራት ነው። ኩራዝና ፋኖስ የሚያበሩት በክር ጫፍ በሚነድ ነበልባል ነው፤ ማሾ ግን የሚያበራው ነበልባሉ በሚያግለው የጨርቅ አመድ ነው። በታንኩ ያለው ጋዝ፣ በእጅ ፓምፕ የተጨመቀ አየር እየገፋው ወደ ላይ ይወጣል፤ በጋለ ቱቦ ሲያልፍ ይተናል፤ በመርፌ ቀዳዳ ወጥቶ ከአየር ጋር ይቀላቀልና ከላይ በተንጠለጠለችው ትንሽ መረብ ውስጥ ይነዳል። በፓምፕ የሚሠራ ቡታጋዝ ለኩሶ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይደለም።

የመብራቱ ምስጢር መረቧ ናት። ኦስትሪያዊው ኬሚስት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ሐሳቡን በባለቤትነት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1885 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ስሙን ያስጠራው ቅልቅል የተገኘው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፦ 99 እጅ ቶሪየም ኦክሳይድና 1 እጅ ሴሪየም ኦክሳይድ። ጨርቁ በመጀመሪያው ቀን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የሚቀረው በትንፋሽ የሚፈርስ የኦክሳይድ አጽም ነው። ያቺ አንድ እጅ ሴሪየም ብትጎድል ብርሃኑ ክፉኛ ይደክማል። ይህን ዘዴ ከነጭ ጋዝና ከፓምፕ ጋር አጋጥሞ በዓለም ገበያ ያሰራጨው የበርሊኑ የማክስ ግሬትዝ ፋብሪካ ነው። «ፔትሮማክስ» የሚለው ስምም የፔትሮሊየምና የማክስ ቅጥል ነው። አሜሪካዊው ኮልማን የራሱን የግፊት ፋኖስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው።

ከጎሬ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የሸካ ዞን ከተማ ማሻ በስም ከማሾ የምትለየው በአንዲት ፊደል ነው፤ የስም ዝምድና ግን የላቸውም። አገሩ ደጋማ ደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዝናቡ ከኢትዮጵያ አብዛኛው ክፍል ይበልጣል፣ ጉሙም ብዙ ነው። በረጃጅም ዛፎች ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎች ማር የሚቆረጠው በሌሊት ነው። ለዚህም፣ ለለቅሶ ድንኳንም፣ መብራት ለሚጠፋበት ምሽትም የሚንጠለጠልና ዙሪያውን የሚያበራ ዕቃ ያስፈልጋል። ማሾ ለዚህ የተመቸ ቅርጽ አለው፤ የሚያስቸግረው ነዳጁና መረቡ ነው። በኮረኮንች መንገድ የሄደ ማሾ ሲደርስ መረቡ ረግፎ ይገኛል።

ወጪው በቁጥር ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ትልቁ የፔትሮማክስ ዓይነት አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ በ8 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ጉልበት ወደ 9,700 ዋት ሰዓት ስለሚጠጋ፣ መብራቱ በየሰዓቱ የሚበላው ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያን ያህል አይርቅም። ከዚህ ውስጥ ብርሃን የሚሆነው እጅግ ትንሽ ነው፤ የቀረው ክፍሉን ያሞቃል። በማሻ ብርድ ሙቀቱን የሚጠላ ላይኖር ይችላል፤ ለብርሃን የተከፈለ ዋጋ መሆኑ ግን አይቀርም። ለአንድ ቤት በቂ የሆነ ባለ 3 ዋት ኤል ኢ ዲ በ8 ሰዓት የሚወስደው 24 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ድምቀቱ ከደህና ማሾ ያንሳል፣ ከኩራዝ ግን ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ወደ ባትሪ ለመለወጥ የሚመረጠው ታንኩ የሚያፈስ ወይም ፓምፑ የሞተ ማሾ ነው። በደንብ የሚሠራውን የነሐስ ማሾ መፈታታት ያሳዝናል፤ እንዲህ ያለው እንዳለ ቢቀመጥ ይሻላል። ሥራው የሚጀምረው ከታንኩ ነው። ጋዙ ተገልብጦ ከወጣ በኋላም ተኑ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሳሙና ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ክዳኑን ከፍቶ ለቀናት ማናፈስ ግድ ነው፤ ያልታጠበ ታንክ ላይ መሰርሰሪያም ሆነ እሳት ማስጠጋት ፍንዳታ መጥራት ነው። የአሮጌውን መረብ አመድ በእፍታ ማራገፍም አይገባም። ቶሪየም በመጠኑ ጨረር አመንጪ ስለሆነ፣ አመዱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ በፕላስቲክ ይቋጠራል።

ቀጥሎ ያለው የባትሪው ጉዳይ ነው። የድሮው የባትሪ ድንጋይ ለዚህ ሥራ ቶሎ ያልቃል። የሚሻለው ከአሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ የሚወጣው፣ ውፍረቱ 18፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር የሆነው የሊቲየም ባትሪ ነው። አማካይ ቮልቴጁ 3.7 ሲሆን፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው 2,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዙ ሦስት ባትሪዎች ጎን ለጎን ሲያያዙ 28 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣሉ። ከመያያዛቸው በፊት ቮልቴጃቸው በቴስተር ተለክቶ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ወደ ሌላው በኃይል ይጎርፋል። ቅርፊቱ የተላጠ፣ ያበጠ ወይም ሲሞላ የሚሞቅ ባትሪ ከጅምሩ ይጣላል። ባትሪዎቹ የሚቀመጡበት ታንክ ብረት ስለሆነ በፕላስቲክ ይጠቀለላሉ፤ ከልክ በላይ እንዳይሞሉና እንዳይራቆቱ የሚጠብቅ ትንሽ የመከላከያ ሰሌዳም ይገባል። በስልክ ቻርጀር በ5 ቮልት የሚሞላው ተራ የቻርጅ ሰሌዳ አንድ አምፔር ስለሚሰጥ፣ ባዶውን ለመሙላት 8 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የፓምፑ ቀዳዳ ለቻርጅ ሽቦው፣ የጋዝ መክፈቻው ቦታ ደግሞ ለማብሪያ ማጥፊያው ይውላል፤ አዲስ ቀዳዳ መብሳት አያሻም።

ብርሃን ሰጪዎቹ የሚቀመጡት ቀድሞ መረቧ በነበረችበት ቦታ ነው። አሥር ትንንሽ ኤል ኢ ዲዎች በአልሙኒየም ዘንግ ዙሪያ ይለጠፋሉ፤ ዘንጉም ከላይኛው ቆብ ጋር በብሎን ይታሰራል። ኤል ኢ ዲ እንደ ነበልባል ሙቀቱን ወደ አየር አይለቅም፣ በጀርባው በኩል ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ድሮ ጭስና ትኩሳት ያሳልፍ የነበረው ቆብ አሁን ማቀዝቀዣ ይሆናል። እያንዳንዱ ኤል ኢ ዲ የራሱ 12 ኦም ሬዚስተር ይሰጠዋል፦ ከ4.2 ቮልት ላይ የኤል ኢ ዲው 3 ቮልት ሲቀነስ 1.2 ይቀራል፣ ለ12 ሲካፈል 0.1 አምፔር። ባትሪው ሲደክም ብርሃኑም አብሮ ይደበዝዛል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ መሙያ ሰዓት መድረሱን ያስታውቃል።

ነጭ ኤል ኢ ዲ ራሱ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ላገኙት ለአካሳኪ፣ ለአማኖና ለናካሙራ የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር። ሰማያዊው ወደ ነጭ የሚለወጠው በላዩ በተቀባው ቢጫ ዱቄት ሲሆን፣ በዱቄቱ ውስጥ ቢጫውን የሚያፈልቀው ሴሪየም ነው። በአወር መረብ ውስጥ የነበረችው ያቺው ንጥረ ነገር፣ በሌላ ሥራ፣ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ተመልሳ ትገባለች ማለት ነው። ሲገዛ ከቀዝቃዛው ነጭ ይልቅ ወደ ቢጫ የሚያደላው ቢመረጥ ለዓይን ይስማማል፤ የሚሰበስበውም የሌሊት ነፍሳት ያነሰ ነው። ኤል ኢ ዲ ፊት ለፊት ሲታይ ዓይን ስለሚወጋ፣ ብርጭቆው በውስጥ በኩል በብርጭቆ ወረቀት ይደበዝዛል።

በፀሐይ መሙላት ለሚፈልግ፣ ባለ 10 ዋት ሰሌዳ በጠራ ቀን ከበቂ በላይ ነው። በማሻ ክረምት ግን ደመናው ከሰሌዳው አቅም ጥቂቱን እጅ ብቻ ስለሚያስቀር፣ መብራት በመጣ ጊዜ ከግድግዳ ሶኬት መሙላትን የሚተካ አይሆንም። እርጥበቱም የመገናኛ ነጥቦችን ያዝጋል፤ ብየዳው ላይ የሚቀባ ስስ ሰም ይከላከለዋል፣ ሰም ደግሞ በማር አገር አይጠፋም። መብራቱ ለወራት ሳይሠራ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጣል።