ገንዳው ቢከፈል ውኃው አይከፈልም

ድንክ ፓፈር ዓሣ የደቡብ ሕንድ ኬረላ ወንዞች ተወላጅ ነው። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሌሎችን ዓሦች ክንፍና ጅራት እየነጨ ያቆስላል፤ ብዙዎች ትንሽ ገንዳቸውን በመከለያ ለሁለት የሚከፍሉትም ለዚህ ነው። መከለያው ንክሻን እንደሚያስቀር አልክድም፤ ችግሩ ያለው ውኃው ላይ ነው። ፓፈር ቀንድ አውጣና ትል በል ነው፤ ሲበላም ያዝረከርካል። ትርፍራፊው ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጥራል፣ አሞኒያውም በመከለያው ቀዳዳዎች አልፎ ጎረቤቱን ይመርዛል። ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ ቢባል፣ ማጣሪያና ማሞቂያ የሌለበት ወገን የቆመና የቀዘቀዘ ውኃ ይዞ ይቀራል።

«ትንሽ ዓሣ ስለሆነ ግማሹ ይበቃዋል» የሚለው ክርክር ቀላል አይደለም፤ 40 ሊትር ገንዳ ሲከፈል የሚደርሰው 20 ሊትር አንድ ፓፈርን ሊያኖር ይችላል። ነገር ግን ቆሻሻው የሁለቱም ወገን ነው። በዚያ ላይ ይህ ዓሣ ሁለቱን ዓይኖቹን ለየብቻ እያዞረ፣ ቅጠል ለቅጠል እየፈተሸ የሚያድን ፍጡር ነው፤ ባዶ መስተዋት ፊት ሲቀር ላይ ታች ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ገንዳውን ሙሉውን ለእርሱ ትቶ ጥቅጥቅ ያለ ተክል መትከል ይሻላል። መከለያው የተነከሰ ዓሣ እስኪያገግም ድረስ ለጥቂት ቀናት ያገለግላል።