የቅኔ ቤቱ ጎጆና የሰበካው እንጀራ

በጎጃም ደጋ አዳሪ ትምህርት ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ከመግባቱ ከብዙ ዘመን በፊት ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራና ጎንጅ ከሩቅ አገር የመጡ ደቀ መዛሙርትን አሳድረው ያስተምሩ ነበር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ አስቀድመው የተማሩት በእነዚህ ጉባኤያት ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም የቆሎ ተማሪው ኑሮ ሥፍራ አግኝቷል።

ቅኔ ቤት ለመጻሕፍት ትርጓሜ መሰናዶ ነው። ዳዊት የደገመ ልጅ ግስና አገባብ ካጠና በኋላ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የትናንቱን ወይም የባልንጀራውን ቅኔ መድገም አይፈቀድለትም። ዱር ገብቶ ብቻውን ይቆጥራል፣ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታ ያርሙታል፤ የበሰሉት ደግሞ አዲሶቹን ያስቀጽላሉ። ትምህርቱ በቃልና በልቡና የሚኖር በመሆኑ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋል።

የአዳሪነቱ ወጪ በማን ላይ ነበር? በመንደሩ ላይ ነው። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ አኩፋዳውን አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የባለጠጋም የድኻም ልጅ እኩል ይለምናል፤ ያገኘውንም ታሞ ለተኛው ያካፍላል፣ የተረፈውን ድርቆሽ ያደርጋል። ትሕትናና መተሳሰብ የሚለመዱት በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ረኃብን እንደ መምህር የሚያወድሱትን አንከተልም። በተጠጋጉ ጎጆዎች ውስጥ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ የተማሪ ሕይወት ይቀጥፋሉ፤ ይህን የሚከላከለው ውኃ፣ ሳሙናና የሚቀየር ልብስ ነው። ኮሚቴዎች ስለ አዳሪ ቤት ሲያስቡ ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቆርቆሮና ከሲሚንቶ ነው። ሕንፃ አንጠላም፤ ነገር ግን የኔታ ድርጎ አጥተው ቦታውን ሲለቁ ተማሪው ተከትሎ ይበተናል፣ አዳራሹም ባዶውን ይቀራል። መንደሩም «ተማሪዎቹን የሚመግብ ድርጅት መጥቷል» ብሎ እጁን ከሰበሰበ፣ እርዳታው በተቋረጠ ማግስት የሚጎርስ አይገኝም።

ስለዚህ ዕቅድ የሚያዘጋጅ ሰበካ ጉባኤ በመጀመሪያው መስመር የየኔታን ድርጎ፣ በሁለተኛው ውኃና ማጠቢያ ቦታ፣ በሦስተኛው በምርት ጊዜ ከየቤቱ የሚዋጣ የእህል ጎተራ ቢጽፍ እንመርጣለን። ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ ይምጣ።