ያጠረው የአዜሮዝ መንገድ

አንድ ከርከሮ 50 ነጥብ ነበር። ጌሙ “ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት” ይባላል። ተጫዋቹ ከኦርክ ወገን የሆነ ካራክተር ፈጥሮ ሲገባ በእጁ ተራ መሣሪያ ይዞ፣ አፈሩ በቀላ ሸለቆ ውስጥ፣ በሚርመሰመሱ ከርከሮዎች መካከል ራሱን ያገኘዋል። ጌሙ በወጣበት ዘመን ከደረጃ 1 ወደ ደረጃ 2 ለማለፍ 400 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፤ ስምንት ከርከሮ ማለት ነው። የመጨረሻዋ እርከን፣ ከ59 ወደ 60 የምታሻግረዋ፣ 209,800 ነጥብ ትጠይቅ ነበር። በዚያ ደረጃ ያለ አንድ አውሬ ሲገደል የሚሰጠው 340 ነጥብ ነበር። ተልዕኮ ሳይቀበል በአደን ብቻ የሚሄድ ሰው ለዚህች አንድ እርከን ከ600 በላይ አውሬ መጣል ነበረበት።

ያኔ 60ኛው ደረጃ ላይ መድረስ ለአብዛኛው ሰው የወራት ሥራ ነበር። ዛሬ መንገዱን የሚያውቅ ተጫዋች አዲስ ካራክተር ፈጥሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጫፍ ያደርሰዋል። ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? ምን አተረፈ፣ ምንስ አጎደለ? እዚህ ሐይቅ ከተማ ያለ ወጣትን የሚመለከት ነገርም አለበት፤ እመለስበታለሁ።

በደረጃ ማደግ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ሐሳብ ነው። በ1974 (የጌሞቹ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን “ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ” የሚባል ጨዋታ አሳተሙ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ዳይ እየወረወሩ፣ አንዱ ጦረኛ ሌላው ጠንቋይ ሆኖ የሚጫወቱት ነው። ካራክተሩ ፈተና ባለፈ ቁጥር ነጥብ ያጠራቅማል፤ ነጥቡ ሲሞላ አንድ ደረጃ ወጥቶ ጉልበቱ ይጨምራል። በ1978 በእንግሊዝ የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ጌም ሠሩ። በ1999 “ኤቨርክዌስት” መጣ። በእርሱ ካራክተሩ ሲሞት የሰበሰበው ነጥብ ይቀነስበታል፣ ከነበረበት ደረጃም ሊወርድ ይችላል፤ ንብረቱም ሬሳው ላይ ስለሚቀር ባዶ እጁን ተመልሶ መፈለግ አለበት።

ብሊዛርድ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በኅዳር 2004 “ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት”ን ሲያወጣ፣ ለዚያ ዘመን ተጫዋች ለስላሳ ጌም ነበር። የሞተ ካራክተር ነጥቡን አያጣም። የሚጓዝበት ዓለም፣ አዜሮዝ፣ በተልዕኮ የተሞላ ስለሆነ ሰው አንድ ቦታ ተተክሎ ሲያድን አይውልም። እንዲያም ሆኖ መንገዱ ረጅም ነው። ፈረስ ወይም ሌላ መጋለቢያ የሚፈቀደው በ40ኛው ደረጃ ሲሆን፣ ከሥልጠናው ጋር 100 ወርቅ ገደማ ያስወጣል። ያን ወርቅ ለማጠራቀም ተጫዋቹ የአውሬ ቆዳ ይገፋል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ ያገኘውን ጨረታ ቤት ወስዶ ይሸጣል። እስከዚያ ድረስ አብዛኛው መንገድ በእግሩ ነው።

ከዚያ ማሳጠሩ ተጀመረ። በ2007 መጨረሻ ከ20 እስከ 60 ላሉት ደረጃዎች የሚያስፈልገው ነጥብ ተቀነሰ። መጋለቢያው በ2008 ወደ 30፣ በ2009 ወደ 20 ወረደ። በ2008 መጨረሻ ደግሞ የውርስ ዕቃ የሚባል ነገር መጣ፤ ጫፍ የደረሰው ካራክተር ትከሻ ላይ የሚደረብ ልብስ ገዝቶ ለታናሹ ይልክለታል፣ የለበሰው ልጅ ከእያንዳንዱ ድል 10 በመቶ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። በታኅሣሥ 2009 አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ለምሽግ ውጊያ አራት አጋሮችን የሚያሰባስብና ከያሉበት አንሥቶ ምሽጉ ውስጥ የሚያስቀምጥ ዘዴ ተጨመረ። በ2014 ነገሩ ገንዘብ ወደ መክፈል ደረሰ፦ 60 ዶላር የከፈለ ሰው ካራክተሩን በአንድ ጊዜ 90ኛው ደረጃ ላይ ማስቀመጥ ቻለ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ተጫዋቹ ስለ ሰነፈ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጣሪያው እየሸሸ ነበር። 60 የነበረው በ2007 መጀመሪያ 70 ሆነ፣ በ2008 80፣ ቀጥሎ 85፣ 90፣ 100፣ 110፣ በ2018 ደግሞ 120። ኩባንያው በየሁለት ዓመቱ ገደማ የሚሸጠው አዲስ አገር የሚቀመጠው ሁልጊዜ ከጫፉ ላይ ነው፤ የድሮ ተጫዋቾች ወደዚያ ሲነሡ የታችኛው አገር ወና ይቀራል። በ2004 ከርከሮ ሲያድን የነበረ ሰው ግራና ቀኙ እንደ እርሱ ጀማሪዎች ነበሩ፤ ተጋግዘው፣ ተዋውቀው፣ አንዳንዴም ጓደኛ ሆነው ይቀራሉ። በ2018 የገባው ግን 120 እርከን ብቻውን መውጣት ነበረበት። እንዲጫወት የጋበዘው ወዳጁ ጫፉ ላይ ይጠብቀዋል። መንገዱን ማሳጠር ለዚህ ብቸኝነት የተገኘ መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ ጠንቅ ደግሞ ሰው ከታች የሚቆይበትን ጊዜ ይበልጥ ማሳጠሩና ወናውን ይበልጥ ወና ማድረጉ ነው።

የጠፋውን ለማሳየት አንድ ቦታ፣ እስከ 2010 እንደነበረው፣ ልምረጥ። ዌስትፎል የሚባል የገበሬዎች አገር አለ፤ ከ10 እስከ 20 ባለው ደረጃ የሚታለፍ፣ እርሻው የደረቀ፣ ሽፍታ የበዛበት። ጀማሪው መጀመሪያ የሚታዘዘው እነዚያን ቀይ መሐረብ ፊታቸው ላይ ያሰሩ ሽፍቶች እንዲያጠፋ ነው። ተልዕኮውን አንድ በአንድ የተከተለ ሰው ግን ቀስ በቀስ እውነቱን ይሰማል። ሽፍቶቹ በጦርነት የፈረሰችውን የስቶርምዊንድን ከተማ መልሰው የገነቡ ድንጋይ ጠራቢዎች ናቸው፤ ሥራው ሲያልቅ መኳንንቱ ደመወዛቸውን ከለከሏቸው፣ እነርሱም ሸፈቱ። መሪያቸው ኤድዊን ቫንክሊፍ የግንበኞቹ አለቃ የነበረ ሰው ነው። ከማዕድን ጉድጓዱ ሥር፣ በተደበቀ መርከብ ላይ፣ ተጫዋቹ አራት ጓደኞቹን ይዞ ይገጥመዋል፤ ማንን እየገደለ እንደሆነም ያውቃል። የውርስ ልብስ ለብሶ የሚሮጠው ግን ታሪኩ መሀል ላይ ሳለ ደረጃው ከአገሩ በላይ ያልፋል፤ ተልዕኮዎቹ ግራጫ ሆነው ነጥብ መስጠት ያቆማሉ ማለት ይቻላል፤ ትቶ ይሄዳል። ቫንክሊፍን አጋጣሚ ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ቀይ መሐረብ ያሰረ አንድ ሽፍታ ነው።

የአጋር ማሰባሰቢያው ቁልፍም እንዲሁ ነው። ከእርሱ በፊት አራት ሰው ለማግኘት ከተማው መሀል ቆሞ መጣራት፣ ከዚያ ምሽጉ በር ድረስ ተያይዞ መጓዝ ግድ ነበር። ሰዓት ይበላል፣ ያሰለቻል። ቢሆንም በአንድ ሰርቨር፣ ማለትም በአንዱ የጌሙ ዓለም ቅጂ፣ ያለ ሰው ይተዋወቃል፤ ውጊያ መሀል ጥሎ የሸሸ፣ ዕቃ ያለ ድርሻው የወሰደ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ በማግሥቱ የሚያስገባው ቡድን አያገኝም። ቁልፉ ከተለያየ ሰርቨር የሚያመጣቸውን አራት ሰዎች ግን ተጫዋቹ ዳግም ላያያቸው ይችላል። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ምሽጉን ጨርሰው ይበተናሉ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትምህርት ያስፋፉበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤት ሆኖ ላደገ ሰው፣ ስለ እርከን ሲነሣ የቅኔ ቤት ከሐሳቡ አይርቅም። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝሁን፣ ሌሎቹንም እያለፈ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። በቅኔ ቤት ደረጃውና ዕውቀቱ አንድ ናቸው፤ መወድስ መቀኘት የማይችል ሰው መወድስ ደርሻለሁ ቢል የኔታ ፊት አንድ ቀን አያድርም። በጌሙ ግን ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉ። በ2004 ቁጥሩ 60 የሆነ ሰው የካራክተሩን ችሎታ አንዱን ከአንዱ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ አዲስ ችሎታ የሚማረው በየሁለት እርከኑ ስለሆነ እስኪለምደው ጊዜ ያገኛል። በ2014 በገንዘብ 90 የሆነው ግን በርካታ ቁልፎች በአንድ ቀን ፊቱ ተደረደሩለት። ለዚህ ነው ሰሪዎቹ ለተገዛ ካራክተር ችሎታውን ቀስ በቀስ የሚከፍት አጭር መለማመጃ ማበጀት ያስፈለጋቸው።

በ2020 መጨረሻ ትልቁ ማስተካከያ መጣ። 120 የነበረው ጣሪያ ወደ 60 ተጨመቀ፤ 120 የነበረ ካራክተር 50 ሆኖ ተገኘ። አዲስ ተጫዋች ከ1 እስከ 10 ያለውን ለብቻው በተሰናዳ ደሴት ላይ እየተማረ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ነባሩ ተጫዋች ከጌሙ ዘመናት አንዱን መርጦ በዚያ አገር ብቻ ያድጋል፣ አውሬዎቹም አብረውት ስለሚያድጉ ታሪኩ መሀል ላይ ግራጫ አይሆንበትም። የዌስትፎልን ዓይነት ጉዳት የጠገነ በመሆኑ ከማሳጠሪያዎቹ ሁሉ አስተዋይ የምለው ይህን ነው። ጣሪያው ዳግም እያደገ በ2024 80 ደርሷል፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ አንድ ካራክተሩን ጫፍ ያደረሰ ሰው ሌሎቹ ካራክተሮቹ ይበልጥ ይፈጥኑለታል። መንገዱን አንድ ጊዜ በእግሩ ለሄደ ሰው ሁለተኛውን ማሳጠር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ረጅሙን መንገድ የሚናፍቁ ሰዎችም ነበሩ። በ2013 ከተጫዋቾች አንዱ የድሮው ጌም ይመለስ ይሆን ብሎ ሲጠይቅ፣ ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ጄ. አለን ብራክ ትፈልጉታላችሁ ብላችሁ ታስባላችሁ እንጂ አትፈልጉትም የሚል መልስ ሰጠ። በ2016 ኖስታልሪየስ የሚባል በፈቃደኞች የቆመ የድሮ ጌም ሰርቨር በኩባንያው ጠበቆች ማስጠንቀቂያ ተዘጋ፤ ቁጣውም ቀላል አልነበረም። በነሐሴ 2019 ኩባንያው ራሱ “ክላሲክ” ብሎ የ2004ቱን ዓይነት መንገድ ከነፈረስ ዋጋው ሲመልሰው፣ ለመግባት የተሰለፈው ሰው ሰዓታት ጠበቀ። በ2023 ደግሞ አንድ ጊዜ የሞተ ካራክተር ለዘለዓለም የሚቀርበት ሰርቨር ተከፈተ፤ በ59ኛው ደረጃ የወደቀ ከከርከሮው ይጀምራል። ይህንንም በፈቃዳቸው የሚመርጡት ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ሐይቅ ልመለስ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከተማችን እንደ ሌላው የክልሉ ከተማ መብራት ይጠፋባታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ጌሙ ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ በዳታ ፓኬጅ ለሚኖር ሰው ማውረዱ ራሱ ትልቅ ወጪ ነው። ወርኃዊ ክፍያው 15 ዶላር ገደማ ሲሆን ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ወጣት ጥቂት ነው። ደጉ ነገር እስከ 20ኛው ደረጃ ድረስ በነፃ፣ ያለ ቀን ገደብ መጫወት መፈቀዱ ነው።

እንዲህ ላለ ተጫዋች በጌሙ ውስጥ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የኖረ አንድ ደንብ አለ፤ ከማፍጠኛዎቹ ሁሉ እኔ የምወደው እርሱን ነው። ካራክተሩን እንግዳ ማረፊያ ውስጥ አስተኝቶ የወጣ ሰው በየስምንት ሰዓቱ የእርከኑን 5 በመቶ የሚያህል የዕረፍት ስንቅ ይጠራቀምለታል። ሲመለስ ያ ስንቅ እስኪያልቅ ከሚገድለው አውሬ የሚያገኘው ነጥብ እጥፍ ነው። ስንቁ አንድ እርከን ተኩል ሲሞላ ይቆማል፤ ስሌቱ ሲሠራ 10 ቀን ይመጣል። ሜዳ ላይ ያስተኛው ግን ስንቁ በአራት እጥፍ ይዘገይበታል፤ ስለዚህ መብራቱ ሊሄድ መስሎ ከታየ አስቀድሞ ማረፊያ መግባት ብልህነት ነው።

ደንቡ ሲታቀድ እንዲህ አልነበረም። ጌሙ ገና በሙከራ ላይ ሳለ የታሰበው ብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚጫወትን ሰው መቅጣት ነበር፤ ሰውዬው ሲደክም ነጥቡ በግማሽ ይቀነሳል። ሞካሪዎቹ አጥብቀው ተቃወሙ። ሰሪዎቹ ሒሳቡን በነበረበት ትተው ስሙን ገለበጡት፦ ግማሹን መደበኛ፣ ሙሉውን እጥፍ አሉት፤ ቅሬታውም ቆመ። ዛሬ በስልካችን ካሉት ጌሞች ብዙዎቹ በየቀኑ ላልገባ ሰው ሽልማት ይነሳሉ። ይህኛው ግን መብራት ለጠፋበት፣ ዳታ ላለቀበት፣ ለፈተና ወይም ለአጨዳ ለሄደ ሰው ቦታውን ይጠብቅለታል።

በነፃው 20 እርከን ላይ ለሚጀምር የአገሬ ልጅ አንድ ነገር ልንገረው። ዛሬ ባለው ፍጥነት 20 ሳይታወቅ ያልቃል፤ አገሩን አይቶ፣ ታሪኩን አንብቦ ማደግ የፈለገ ሰው ግን ሩጫውን ማቆም ይችላል። በስቶርምዊንድ ከተማ ቤስተን፣ በኦርኮቹ ከተማ በኦርግሪማር ደግሞ ስላትዝ የሚባል ሰው ቆሟል። 10 ወርቅ ሲከፍሉት ካራክተሩ ነጥብ መሰብሰብ ያቆማል፤ ያለበት ደረጃ ላይ ሆኖ የወደደውን ያህል ይዞራል። ማደግ ሲያምረው ሌላ 10 ወርቅ ከፍሎ ያስከፍተዋል።