የፖርት ቁጥሮች መዝገብና አጠያየቁ

በዋናው ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድረው ከሚታዩት የፖስታ ሣጥኖች እያንዳንዱ የራሱ ቁጥርና የራሱ ባለቤት እንዳለው፣ እስከ ፖስታ ቤቱ በደህና የደረሰው ደብዳቤም የሣጥኑ ቁጥር ካልተጻፈበት ለማን እንደሚሰጥ ሳይታወቅ እንደሚቀር ሁሉ፣ በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር አይፒ አድራሻው አንድ ቢሆንም በውስጡ የሚሠሩት አገልግሎቶች ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ የደረሰው መልእክት ለየትኛው አገልግሎት እንደ ተላከ የሚለይበት ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር ፖርት ይባላል። ቲሲፒና ዩዲፒ በተባሉት የመልእክት ማመላለሻ ሥርዓቶች በሚላክ በእያንዳንዱ መልእክት ራስጌ ውስጥ የላኪው ፖርትና የተቀባዩ ፖርት ለየብቻ ይጻፋሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የተመደበው ስፍራ 16 ቢት ስለ ሆነ ቁጥሩ ከ0 ተነሥቶ 65,535 ላይ ያበቃል።

እርግጥ ነው፣ ማንም ሰው በገዛ ኮምፒዩተሩ የወደደውን አገልግሎት በወደደው ቁጥር ላይ ቢያቆም የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣው ጠያቂ የሚፈልገውን አገልግሎት በየትኛው ቁጥር እንደሚያገኘው አስቀድሞ ካላወቀ ግንኙነት ከቶ ሊጀመር ስለማይችል፣ ለታወቁት አገልግሎቶች የታወቀ ቁጥር መወሰን ግድ ሆነ። ያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በሜይ 1972 ባወጣት አጭር ማስታወሻ፣ ቁጥሮቹን የሚያድል አንድ ሹም እንዲኖር፣ ሹሙም ምናልባት እርሱ ራሱ እንዲሆን፣ በቅንፍ ውስጥ የጥያቄ ምልክት አስከትሎ ሐሳብ አቀረበ። ግማሹ ቀልድ የሚመስለው ይህ ሐሳብ እውነተኛ ሹመት ሆኖ ቀረ። ፖስቴል ኦክቶበር 16 ቀን 1998 እስካረፈ ድረስ የዚህ መዝገብ ዐቃቢ ሆኖ ኖረ፤ ባልደረባው ጆይስ ሬይኖልድስም ለብዙ ዘመን የድካሙ ተካፋይ ነበረች። መዝገቡ በየጊዜው አርኤፍሲ በሚባለው የሰነዶች ተራ ውስጥ ይታተም የነበረ ሲሆን፣ የመጨረሻው እትም በኦክቶበር 1994 የወጣው 1700ኛው ሰነድ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ገና ከማተሚያው ሳይወጣ የሚያረጅ ስለ ሆነ፣ በ2002 የወጣው 3232ኛው ሰነድ የታተመውን ሽሮ ሥልጣኑን በኢንተርኔት ላይ ለተቀመጠው፣ ዕለት ዕለት ለሚታረመው መዝገብ አስረከበ። ይህን መዝገብ የሚጠብቀው እስከ ዛሬ አያና የሚባለው፣ የኢንተርኔት ቁጥሮችን የሚያድለው ባለሥልጣን ነው።

ከመዝገቡ ታሪኮች ሁሉ እኔን ደስ የሚለኝ የ22 ቁጥር ታሪክ ነው። ጥንታውያኑን ቁጥሮች የተመለከተ ሰው፣ ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ 21፣ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ማዘዣው ቴልኔት 23፣ የኢሜይል ማመላለሻው ኤስኤምቲፒ 25 መሆናቸውን አይቶ፣ ጎዶሎ ጎዶሎው ብቻ እየተመረጠ ስለምን ተሰጠ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምክንያቱ ከቲሲፒ በፊት የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ ይሠራበት የነበረው ኤንሲፒ የተባለው ሥርዓት መልእክትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ስለ ነበር፣ ለመሄጃና ለመመለሻ አንድ ጎዶሎና አንድ ተጋማሽ፣ ጥንድ ቁጥር ይጠይቅ ነበርና ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ በተዛወረ ጊዜ ግን አንዱ ቁጥር ለሁለቱም አቅጣጫ በቃ፤ ከተጋማሾቹም ብዙዎቹ ባለቤት አጥተው ቆዩ። በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን፣ በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃል ሌቦች ካደረሱት ጥቃት በኋላ፣ መልእክትን በምሥጢር ጽሕፈት የሚሸፍን ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ፕሮግራሙ ቴልኔትንም ኤፍቲፒንም ሊተካ የታሰበ ስለ ነበር፣ በሁለቱ መካከል ክፍት ሆኖ የቆየው ቁጥር እንዲሰጠው ጁላይ 10 ቀን በኢሜይል ጠየቀ፤ በማግስቱም ሬይኖልድስ ቁጥሩ የእርሱ መሆኑን ገልጻ መለሰችለት። በአሁኑ ጊዜ በመላው ዓለም ሰርቨሮች የሚታዘዙበት ቁጥር የተገኘው እንዲህ፣ ያለ ማኅተምና ያለ ደጅ ጥናት ነው።

ዛሬ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በኦገስት 2011 የወጣው 6335ኛው ሰነድ እንደሚደነግገው ከ0 እስከ 1023 ያሉት የሥርዓት ፖርቶች ጥብቅ ምርመራ ሳይደረግ አይሰጡም፤ ከ1024 እስከ 49,151 ያሉት ለአመልካቾች በሊቃውንት እየተመረመሩ ይታደላሉ፤ ከ49,152 በላይ ያሉት ደግሞ ለማንም አይመዘገቡም፤ ለጊዜያዊ ሥራ ተይዘው የሚለቀቁ ናቸው።

የመዝገቡ ቅጂ በየኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ ቢባል ብዙ ሰው ይደነቃል። በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ ‘ሰርቪስስ’ የሚል ስም ያለው፣ በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ሊከፈት የሚችል ተራ ፋይል ይገኛል፤ በእያንዳንዱ መስመሩ ላይ የአገልግሎቱ ስም፣ ቁጥሩና ቲሲፒ ወይም ዩዲፒ መሆኑ ተጽፏል። 80 ምንድን ነው፣ 443 ምንድን ነው ለሚል ጥያቄ ይህ ፋይል በቂ መልስ ይሰጣል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው፤ አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ በተሰናዳበት ቀን እንደ ነበረው ሆኖ የቀረ ነው፤ ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ፣ የሚነግረን ቁጥሩ በሥርዓት ለማን እንደ ተሰጠ ብቻ ሲሆን፣ በዛሬው ዕለት በዚያ ቁጥር ላይ ምን እየተደረገ እንዳለ ከቶ አያውቅም። በኤፒአይ የሚጠየቁ መዛግብት፣ ይኸውም አንድ ፕሮግራም በሰው እጅ ሳይነካ በዌብ አድራሻ ጥያቄ ልኮ በሥርዓት የተደረደረ መልስ የሚቀበልባቸው፣ ጥቅማቸው የሚታየው በዚህ በሁለተኛው ጉድለት ላይ ነው።

ከእነዚህ መካከል ነገሩን ደኅና አድርጎ የሚያስረዳው፣ በአሜሪካ ሳንስ በተባለው የኮምፒዩተር ደኅንነት ትምህርት ተቋም ሥር የሚገኘው ኢንተርኔት ስቶርም ሴንተር ነው። መሠረቱ ዮሃነስ ኡልሪክ በ2000 የጀመረው ዲሺልድ የተባለ ሥራ ሲሆን፣ ጠባዩም በልዩ ልዩ አገር ያሉ ፈቃደኞች የፋየርዎላቸውን መዝገብ፣ ማለት ሳይጠሩ መጥተው የተመለሱትን የግንኙነት ሙከራዎች ዝርዝር፣ ወደ አንድ ማኅደር እንዲልኩ ማድረግ ነው። በ2001 ላየን የተባለው የኮምፒዩተር ትል በ53 ቁጥር ላይ የሚሠሩትን የስም ሰርቨሮች እየወረረ በተነሣ ጊዜ፣ ከዚህ የጋራ ማኅደር የተገኘው ምልክት ለማስጠንቀቂያ ስለ ጠቀመ፣ ማዕከሉ ከዚያ ወዲህ ተቋቋመ።

አጠያየቁ ቀላል ነው። ከማዕከሉ የዌብ አድራሻ ቀጥሎ ‘ኤፒአይ’፣ እዝባር፣ ‘ፖርት’፣ እዝባር፣ ከዚያም ቁጥሩ ይጻፋል። መልሱ ሌላ ካልተባለ በቀር በኤክስኤምኤል ይመጣል፤ የጥያቄ ምልክትና ‘ጄሰን’ የሚል ቃል ለጨመረ ደግሞ በጄሰን ይሰጠዋል። የመልሱ አካል ሁለት ክፍል አለው። በአንደኛው ክፍል አገልግሎቶቹ፣ የቲሲፒው ለብቻ፣ የዩዲፒው ለብቻ፣ አጭር ስማቸውና ረዘም ያለው መጠሪያቸው ተጽፎ ይገኛል፤ ይህ እንግዲህ የመዝገቡ ንባብ ነው። በሌላው ክፍል ግን የዕለቱ ቀን፣ በዚያ ቁጥር ላይ የተመዘገቡት ሙከራዎች ብዛት፣ ሙከራው የተነጣጠረባቸው አድራሻዎች ብዛት፣ ሙከራው የመነጨባቸው አድራሻዎች ብዛት፣ ከሁሉም ውስጥ የቲሲፒው ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በቁጥር ተደርድሯል። አስተዋይ አንባቢ የሚያተኩረው በሁለቱ የአድራሻ ቁጥሮች ዝምድና ላይ ነው፤ ጥቂት ምንጮች እጅግ ብዙ አድራሻዎችን ነክተው ከሆነ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት ኢንተርኔትን እየቃኘ ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ የምንጮቹ ቁጥር ራሱ ከቀን ወደ ቀን እያሻቀበ ከሄደ ግን የተያዘው ኮምፒዩተር ሌላውን እያስያዘ፣ ደዌው እየተዛመተ ለመሆኑ ብርቱ ምልክት ነው።

ለዚህ የ1434 ቁጥር ታሪክ ምስክር ይሆናል። ቁጥሩ በመዝገቡ ውስጥ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል መቆጣጠሪያ ተብሎ በሰላም ተቀምጦ ሳለ፣ ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ስላመር የተባለው፣ ቁመቱ 376 ባይት ብቻ የሆነ ትል በዩዲፒ ተነሣ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ እየሆነ ሄዶ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊያዙ ይችሉ ከነበሩት ሰርቨሮች ከ90 በመቶ በላይ የሆኑትን ያዘ። መድኃኒቱ፣ ማለት ቀዳዳውን የሚደፍነው እርማት፣ ከ6 ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ከጥፋቱ በፊትም፣ በጥፋቱም ሰዓት፣ ከጥፋቱም በኋላ የመዝገቡ ስም አንዲት ፊደል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የሙከራው ብዛት ነው።

ስሙ ጨርሶ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። በ2016 የደኅንነት ካሜራዎችንና የቤት ራውተሮችን እየማረከ የተዛመተው፣ ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ዋና ዒላማው የቴልኔቱ 23 ቁጥር ቢሆንም ከየ10 ሙከራው አንዱን ወደ 2323 ይልክ ነበር፤ ምክንያቱም የአንዳንድ መሣሪያዎች ቴልኔት የሚገኘው በዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ 2323 ምንድን ነው ብሎ መዝገቡን የጠየቀ ሰው ‘ስሪዲ ኤንኤፍኤስዲ’ የሚል፣ ከካሜራም ከቴልኔትም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ስም አግኝቶ፣ የማያውቀውን ሶፍትዌር ፍለጋ ሲደክም ይውላል። እንዲሁም 5000 በመዝገቡ ‘ኮምፕሌክስ ሜይን’ ለተባለ አገልግሎት የተሰጠ ሲሆን፣ በተግባር ግን በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የፍላስክ የልምምድ ሰርቨር የሚነሣበት ቁጥር ሆኖ ያውቁታል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ የአፕል ኮምፒዩተሮች ለኤርፕሌይ ስለ ያዙት ከፍላስክ ጋር ሲጋጩ ይታያል። ጨዋታ ወዳዶችም አልተረሱም፤ 666 ቁጥር ዱም ለተባለው ስመ ጥር ጨዋታ ተመዝግቦ ይገኛል፤ የራእየ ዮሐንስን አንባቢ ፈገግ ሳያሰኘው አይቀርም።

ስለዚህ ከኤፒአዩ የመጣው የአገልግሎት ስም እንደ ግምት እንጂ እንደ ፍርድ ሊወሰድ አይገባውም። በገዛ ሰርቨሩ ላይ 5000 ክፍት ሆኖ ያገኘ ሰው የሚበጀው፣ ከማዕከሉ ይልቅ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩን ራሱን በኔትስታት ወይም በመሰል ትእዛዝ ጠይቆ ቁጥሩን የያዘው ፕሮግራም የትኛው እንደ ሆነ ማረጋገጥ ነው። ሌላው ጀማሪዎችን ደጋግሞ የሚያሳስተው የላኪና የተቀባይ ፖርት መምታታት ነው። በአንድ የፋየርዎል መስመር ላይ 51,844 እና 23 ጎን ለጎን ተጽፈው ቢገኙ፣ ትልቁ ቁጥር እንግዳ ስለሚመስል እጅ ወደ እርሱ ይሮጣል፤ ዳሩ ግን ያ ቁጥር የላኪው ኮምፒዩተር ለዚያች ሙከራ ብቻ አንሥቶ የጣለው ጊዜያዊ ቁጥር ነው፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የሚረባ መልስ አያገኝም። ሊጠየቅ የሚገባው 23 ነው።

ማዕከሉ ለዚህ ሁሉ ክፍያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ጠያቂው ፕሮግራም በጥያቄው ራስጌ ውስጥ የባለቤቱን መገኛ እንዲገልጽ ይፈልጋል፤ ይህም ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ያለ ልክ መጠየቅ ቢጀምር ባለቤቱን ለማግኘት ነው። የቁጥር ስም በየሰዓቱ የሚለወጥ ነገር ስላልሆነ፣ አንድ ጊዜ የተገኘውን መልስ በራስ ዘንድ አኑሮ ደጋግሞ መጠቀም ለጨዋነትም ለፍጥነትም ይበጃል። የዕለቱ ቆጠራ ግን ትኩስ ሆኖ ሊጠየቅ ያስፈልጋል፤ በዚህም ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚጠይቅ ሰው ቀኑ የሚቆጠረው በዓለም አቀፉ የሰዓት ልክ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ለእኛ አዲሱ ቀን የሚከፈተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለ ሆነ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የተጠየቀው ‘የዛሬ’ ቆጠራ የ3 ሰዓት ሥራ ብቻ ነው፤ ከትናንቱ ሙሉ ቀን ጋር አስተያይቶ ሙከራው ቀነሰ ማለት አይቻልም።