ከስድስት ወር በኋላ ሲደወል

የድንገተኛ ክፍልና የማደንዘዣ ሥራ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። የመተንፈሻ ቱቦው ገባ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ፣ ኦክስጅኑ ከ90 አለፈ፤ ተመስገን። በሽተኛው ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ወደ ዎርድ፣ ከዎርድ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይም «ተሻሽሎ ወጣ» ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ማሳው ላይ ይዋል አልጋው ላይ ከእኛ የሚያውቅ የለም።

እኔ ለማወቅ ስል መደወል ጀመርኩ። ጥናት አይደለም፤ ካርዱ ላይ ስልክ ተጽፎ ሲገኝ ብቻ ነው፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ የአስታማሚ ወይም የጎረቤት ነው። ከጣራ ገዳም ግርጌ፣ ከአዲስ ዘመን ገጠር የመጣ አንድ ጎልማሳ ነበር (ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ)። ከዛፍ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመትቷል። እስከ አስፋልት በቃሬዛ፣ ከአስፋልት በአምቡላንስ፣ ያን ሁሉ መንገድ በጀርባው እንደተንጋለለ መጣ። ስንቀበለው ጉሮሮው በደምና በትውከት ተሞልቶ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ስደውል አባቱ አነሱ። «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ያርሳል? «ያርሳል፤ ታናሹ ከፊት ከፊት እየሄደለት።» ገበያስ? «ኧረ ገበያስ ብቻውን አንልከውም። ብሩን ይጥለዋል።»

ጭንቅላታቸውን የተመቱ ሰዎች የት እንደደረሱ ለመለካት ዓለም የሚጠቀምበት መለኪያ አለ። ጄኔትና ቦንድ የተባሉ የግላስጎው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጡት ነው፤ በኋላ ወደ 8 ደረጃ ሰፍቷል። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው። ብቻውን ገበያ ሄዶ ይገዛል? ያለ አጃቢ መንገድ ይሄዳል? ቤት ውስጥ ለ8 ሰዓት ብቻውን መተው ይቻላል? በዚህ መለኪያ የእኛ ሰው ከባድ የአካል ጉዳት ካለባቸው ይመደባል፤ ጥናት ቢሆን «ውጤቱ ያላማረ» ተብሎ ይቆጠራል። ሆስፒታሉ ተሻሽሎ ወጣ ብሏል፣ አባት ደኅና ነው ብለዋል። አባት አልዋሹም። በእኛ አገር ማንም ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን 8 ሰዓት አይተውም፤ ጎዶሎውን ወንድም ይሞላዋል፣ ጎረቤት ይሸፍነዋል። ታናሹ ከትምህርት ቤት መቅረቱን ግን የግላስጎውም መለኪያ አይጠይቅም።

ስድስት ወር መጠበቅ ምን ያህል እንደሚለውጥ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው፤ ክፉኛ ጭንቅላታቸውን የተመቱ 312 ሰዎች ገብተውበታል። ለገሚሶቹ በደንብ የሠለጠኑ የአምቡላንስ ባለሙያዎች እዚያው አደጋው ቦታ ቱቦ አስገቡላቸው፤ የቀሩት ሆስፒታል እስኪደርሱ ተጠበቁ። ከስድስት ወር በኋላ በመጀመሪያው ወገን ውጤታቸው ያማረ 51 በመቶ፣ በሁለተኛው 39 በመቶ ሆኑ። ሆስፒታል ሳይደርሱ ልባቸው የቆመባቸው ግን በመጀመሪያው ወገን 10፣ በሁለተኛው 2 ነበሩ። እኔን የያዘኝ ሌላ ቁጥር ነው። 13ቱ በስድስተኛው ወር አልተገኙም፤ ልዩነቱም ጠባብ ስለነበር የጥቂቶቹ መልስ ብቻ ድምዳሜውን ሊገለብጠው ይችል ነበር። እነሱ 13 ሰው አጥተው እንዲህ ተጨነቁ። እኛ ሁሉንም እናጣለን።

ይህን የሰሙ ባልደረቦቼ «እንግዲያው አምቡላንሶቻችን ቱቦ ያስገቡ» ይሉኛል። አልስማማም። የአውስትራሊያው ባለሙያ ማደንዘዣውም መቆጣጠሪያውም በእጁ ነው። የእኛ የወረዳ አምቡላንስ በዋናነት ለወላዶች የተመደበ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሾፌሩ በቀር ባለሙያ አይኖርበትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የቆመ 9,296 ሰዎችን አይቶ፣ በቱቦና ጉሮሮ ላይ በሚቀመጠው ቀለል ባለ መሣሪያ መካከል የረባ ልዩነት አላገኘም፤ ከሆስፒታል ሲወጡ ወይም በ30ኛው ቀን ውጤታቸው ያማረው 6.8 እና 6.4 በመቶ ነበሩ። ቀላሉ ነገር በጊዜው ከተሠራ አይናቅም።

ደግሞ እኛ የምንኖረው ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ግድም ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ወደ ጉና ተራራ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። የትንፋሽ መንገዱ የተዘጋበት ሰው እዚህ የኦክስጅን ስንቁ ቶሎ ያልቃል። ለተመታ አንጎል የኦክስጅን እጥረት ሁለተኛ ምት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ስለዚህ የዚያን ጎልማሳ የገበያ ሒሳብ ያበላሸው ዛፉ ብቻ አይመስለኝም፤ መንጋለሉም ድርሻ አለው። የቃሬዛ ተሸካሚዎች በሽተኛውን በጋቢ ጠፍረው በጀርባው ያስተኙታል፣ እንዳይወድቅ ብለው ነው። አንገቱን ከአካሉ ጋር አቅንቶ በጎኑ ማስተኛት፣ ከጀርባው የተጠቀለለ ጋቢ መደገፍ፣ አፉን መጥረግ፤ ይህ ቱቦ አይጠይቅም። ፀረ ተባይ ለጠጣ ሰው ወተት መጋትም ልማዳችን ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ከሆነ ወተቱ ሳንባው ይገባል፣ ከመርዙ የተረፈው በሳንባው ይሰቃያል።

የእኛም ቱቦ ንጹሕ አይደለም። ብዙ ቀን የቆየ ቱቦ የትንፋሽ ቧንቧን ሊያጠብ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ሲያፍነው በሽተኛው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ «አስም ነው» ይባላል፣ የሚነፋ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ቱቦ ገብቶለት እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለውማ።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። አምቡላንሱ ላይ በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ አምቡ ባግ፣ በእግር የሚረገጥ መምጠጫ፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ የሠለጠነ ሰው፤ መውጫ ወረቀቱ ላይ «ቱቦ ገብቶለት ነበር» የሚል መስመር፤ መዝገቡ ላይ የሁለት ሰው ስልክ። አንዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቤቱን ታውቀዋለች፣ አባት «ደኅና ነው» ሲሉ እሷ ገበያ ማን እንደሚሄድ ትነግረኛለች።