የወለጋ ቡና ፋይል በስንት ይከፈል?

በሜጋ ባይት የከፈለ ይጫንለታል፤ በኮንቴይነር የከፈለ ከኪሳራ ይድናል

ባኬ ጃማ፦ የነቀምቴ ቡና ነጋዴ የሚያውቀው ጭነት በጆንያ የሚቆጠረውን ነው። ጀንፈሉ ተፈልፍሎ በመኪና አዲስ አበባ ይገባል፤ ተበጥሮና ተለቅሞ በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ 320 ጆንያ በአንድ ኮንቴይነር ገብቶ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። አሁን ከቡናው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ጭነት ተጨምሯል። ይኼኛው በኪሎ አይመዘንም፤ የሚለካው በሜጋ ባይት ነው። ከ25 ሜጋ ባይት ካለፈ ደግሞ አይጫንም።

ጉዳዩ የመጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል ካወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 ጋር ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ ማሳ ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ አገሮች እንዳይገባ ይከለክላል። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን እያንዳንዱን ማሳ በካርታ ነጥብ አመልክቶ፣ የጥንቃቄ መግለጫ በኅብረቱ የመረጃ ሥርዓት ውስጥ አስመዝግቦ መለያ ቁጥር መቀበል አለበት። አንድ መግለጫ የሚሸከመው ፋይል ጣሪያው 25 ሜጋ ባይት ነው። ከዚያ የበለጠ ያለው ከፍሎ፣ በተለያየ መግለጫ መጫን ይኖርበታል።

ክፍፍሉን ለኮምፒዩተር ሠራተኛ ትቶ መሄድ የሚቀል ይመስላል። የነቀምቴ፣ የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ ነጋዴ ገንዘብ የሚገባው ወይም የሚቀረው ግን እዚሁ ላይ ነው። ፋይሉ በምን ተከፈለ የሚለው ጥያቄ፣ ነገር ቢበላሽ ስንት ኮንቴይነር ይቆማል የሚለውን ይወስናል።

ስሙ የገበያ፣ ማሳው የሌላ

የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ “ሌከምቲ” እየተባለ ይሸጣል። ስሙ የነቀምቴ ይሁን እንጂ ቡናው በአብዛኛው የሚበቅለው ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በጊምቢ ዙሪያና ከዚያም ወዲያ በቀለም ወለጋ ነው። የገበያው ስም የገበሬውን ቦታ የሸፈነው ገና ከጥንቱ ነው።

ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሽፋኑ በሕግ ጭምር ጠበቀ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 602/2000 መሠረት ከኅብረት ሥራ ማኅበራትና ከትላልቅ እርሻዎች በስተቀር የነጋዴው ቡና በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ቡናው መጋዘን ሲገባ በደረጃና በመነሻ አካባቢ ተመድቦ ከመሰሉ ጋር ይቀመጣል። ይህ አሠራር ለዋጋ ግልጽነትና ለክፍያ ዋስትና ጠቅሟል። የገበሬው ስም ግን ከመጋዘኑ በር አላለፈም። አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚገናኙበትን በር የከፈተው በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ነው።

ስለዚህ የዛሬው ነጋዴ የሚጠየቀው፣ ገበያው ለዓመታት ሲያዋህደው የኖረውን ቡና መልሶ በየባለቤቱ እንዲለይ ነው።

ፋይሉ ለምን ያብጣል?

ደንቡ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያው በነጥቦች እንዲከበብ ያዝዛል። 4 ሄክታርና ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ብቻ ይበቃል። ነጥቡ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ይዞ፣ ከአሥርዮሹ ነጥብ በኋላ ቢያንስ 6 አኃዝ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛው አኃዝ በመሬት ላይ ሲለካ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ የጠራ ልኬት ማንም አይፈልግም።

የወለጋ አነስተኛ ገበሬ ማሳ ከ4 ሄክታር እጅግ ያነሰ በመሆኑ በሕጉ አንድ ነጥብ ይበቃው ነበር። ሆኖም ብዙ ገዢዎች ለራሳቸው ማረጋገጫ ሲሉ ዙሪያውን ይጠይቃሉ። መዝጋቢውም ስልኩን ይዞ ማሳውን ሲዞር፣ መሣሪያው በየእርምጃው ነጥብ እየጣለ በአንድ ማሳ ላይ 200 ነጥብ ይሰበስባል፤ ለእያንዳንዱም 15 አኃዝ ይጽፋል።

ሒሳቡን መሥራት ይቻላል። እያንዳንዱ አኃዝ በፋይሉ ውስጥ አንድ ባይት ይይዛል። 30 ነጥብ ያለው፣ በ6 አኃዝ የተጻፈ ማሳ ከነስሙ ከነቀበሌው 900 ባይት ገደማ ቢወስድ፣ ባለ 200 ነጥቡና ባለ 15 አኃዙ ግን ወደ 8,000 ባይት ይወስዳል። 12,000 ገበሬ ያለው አቅራቢ በመጀመሪያው አሠራር ወደ 11 ሜጋ ባይት ይዞ በአንድ ፋይል ያልፋል። በሁለተኛው ከ96 ሜጋ ባይት በላይ ይሆንበትና ቢያንስ በአራት መክፈል ይገደዳል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ማሳጠር ይቀድማል። ትርፍ አኃዞችን እስከ 6 መቁረጥና በቀጥታ መስመር ላይ የተደረደሩ ነጥቦችን መቀነስ የማሳውን ቅርጽ አይለውጠውም።

መቁረጥ ሌላ፣ መክፈል ሌላ

ሥርዓቱ የሚቀበለው ጂኦጄሰን የተባለውን የፋይል ዓይነት ነው። ይህ ፋይል ራስና ጅራት አለው፤ በቅንፍ ተከፍቶ በቅንፍ ይዘጋል። እንደ ጣውላ መሐሉን መትረው ለሁለት ቢቆርጡት አንዱ ጅራት አልባ፣ ሌላው ራስ አልባ ይሆንና ሁለቱም አይነበቡም። እያንዳንዱ ክፋይ ሙሉ ፋይል ሆኖ መውጣት አለበት። አንድ ማሳም በሁለት ፋይል ሊቆራረጥ አይገባም።

ሁለተኛው ስሕተት የቁጥሮች ቅደም ተከተል ነው። በጂኦጄሰን የሚቀድመው ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ኬንትሮስ ነው፤ ኬክሮሱ ይከተላል። በእጅ ስልኮች ላይ የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው። ነቀምቴ በ9 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ በ36 ዲግሪ ከ33 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ሁለቱ ቁጥሮች ቢቀያየሩ ማሳው ከወለጋ ተነቅሎ ሰሜን ቱኒዚያ፣ ቤጃ ከተማ አቅራቢያ ያርፋል።

ሦስተኛው የሚያጋጥመው ከመሬት መዝገብ ለሚገለብጥ ሰው ነው። በአገር ውስጥ ካርታዎች የተለመደው አዲንዳን የተባለው የልኬት መነሻ፣ ጂ.ፒ.ኤስ. ከሚጠቀምበት መነሻ በ200 ሜትር ገደማ ይለያል። ልኬቱ በሜትር ከሆነ ደግሞ የካርታ ቀጠና ይጠይቃል፤ ቀጠና 36 እና 37ን የሚለየው የ36 ዲግሪ መስመር የሚያልፈው በነቀምቴና በጊምቢ መካከል ነው። ቀጠናውን የሳተ ማሳውን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያርቀዋል። ይህኛው ወዲያው ስለሚታይ ይታረማል። አደገኛው የ200 ሜትሩ ነው። በጥላ ዛፍ ሥር የሚበቅል የወለጋ ቡና በሳተላይት ምስል ከደን ጋር ይመሳሰላል፤ 200 ሜትር የተንሸራተተ ማሳ ጎረቤት ደን ላይ ቢያርፍ ደግሞ ገበሬው ያልሠራውን ጥፋት ይሸከማል።

አንድ ማሳ ስንት ኮንቴይነር ያስቆማል?

በደንቡ መሠረት በመግለጫው ከተዘረዘሩት ማሳዎች በአንዱ ላይ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ፣ ከእነዚያ ማሳዎች መጣ የተባለው ቡና በሙሉ አይገባም። ምንጩ ከማይታወቅ ቡና ጋር የተቀላቀለም አይገባም። ድርጅቱ ደንቡን ከጣሰ፣ አባል አገሮች የሚጥሉት ቅጣት ጣሪያ በኅብረቱ ውስጥ ካለው ዓመታዊ ሽያጩ ከ4 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል። ይህን የሚያውቅ አስመጪ ከሚከራከር ይልቅ ቡናውን ትቶ ሌላ ቢገዛ ይመርጣል።

እንደገና በቁጥር ማየት ይበጃል። አሐዙ ለምሳሌ ያህል እንጂ ከመስክ የተለካ አይደለም። አንድ ገበሬ በዓመት 6 ኩንታል ጀንፈል ቢያቀርብና ግማሹ ንጹሕ ቡና ቢወጣው 3 ኩንታል ይሆናል። አንድ ኮንቴይነር 192 ኩንታል ይይዛል፤ ይህም የ64 ገበሬዎች ቡና ነው። 12,000ው ገበሬ በጠቅላላው ወደ 188 ኮንቴይነር ይሞላል። ከ12,000ው ማሳ 12ቱ እንከን አለባቸው እንበል።

አቅራቢው ሙሉ ዝርዝሩን በመጠን ብቻ በአራት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጭነት አራቱንም ቢያያይዝ፣ 12ቱ እንከኖች በ188ቱም ኮንቴይነሮች ላይ ይለጠፋሉ። እያንዳንዱን ኮንቴይነር ከ64ቱ ባለቤቶቹ ጋር ብቻ ቢያያይዝ፣ እንከኖቹ ቢበዛ 12 ኮንቴይነር ያስቆማሉ፤ 176ቱ ያልፋሉ። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር አለ። የ64 ገበሬ ፋይል ባልተጣራውና ባበጠው አሠራር እንኳ ከግማሽ ሜጋ ባይት ብዙም አይበልጥም። በኮንቴይነር ለከፈለ ሰው የ25 ሜጋ ባይቱ ጣሪያ ከነጭራሹ ጥያቄ አይሆንበትም።

ክፍፍሉ ለመስመርም ይበጃል። ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ አዲስ አበባ ላለ ላኪ 90 ሜጋ ባይት ሲላክ ግንኙነቱ መሐል ላይ ቢቋረጥ፣ እንደገና ከመነሻው መጀመር ሊያስፈልግ ይችላል። ትንንሹ ፋይል ሲቋረጥ ያው አንዱ ብቻ ይደገማል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ በምዕራብና በቀለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበረ ለሚያስታውስ ነጋዴ፣ ቡናው በተጫነ ቁጥር ፋይሉን አብሮ መስደድ ዓመቱን ሙሉ አጠራቅሞ ከመላክ ይሻላል።

መለየት ዋጋ አለው

ፋይሉን በኮንቴይነር ለመክፈል ግን አስቀድሞ ቡናው ራሱ መለየት አለበት። ችግሩ እዚህ ነው። በገበያ ቀን ሰብሳቢው ከብዙ ገበሬ ጥቂት ጥቂት እየገዛ ጀንፈሉን አንድ ክምር ላይ ያፈሳል። መፈልፈያው የተለያየ ሰብሳቢ ቡና በተከታታይ ያስተናግዳል። አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ላኪው ደረጃ ለማስተካከል የብዙ አቅራቢ ቡና ያዋሕዳል። ለየብቻ ማስቀመጥ ተጨማሪ መጋዘን፣ ተጨማሪ ጉልበት፣ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይጠይቃል፤ በምርት ወቅት ደግሞ ለነጋዴ የቆመ ቡና የቆመ ገንዘብ ነው።

መካከለኛው መንገድ ክምሩን በቀበሌ ወይም በሰብሳቢ መወሰን ነው። ወደ ክምሩ የገባ ገበሬ ሁሉ በፋይሉ ይዘረዘራል፤ ቡናው የቱ ጆንያ ውስጥ እንደገባ አይጠየቅም። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል፤ ለተዘረዘሩት ሁሉ ኃላፊነት እስከ ተወሰደ ድረስ። ክምሩ ሲተልቅ የመለያ ወጪው ይቀንሳል፤ አንድ እንከን የሚያስቆመው ቡና ግን ይበዛል። ተገቢው መጠን የሚገኘው ሁለቱ ወጪዎች ሲመዛዘኑ ስለሆነ ለሁሉም ነጋዴ አንድ ሊሆን አይችልም። ማሳዎቹን በሚገባ ያጣራ አቅራቢ ትልቅ ክምር ሊደፍር ይችላል። ያላጣራው በትንሹ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዝርዝሩም ሀብት ነው

ሌላው የንግድ ጉዳይ ብዙም አይነሣም። የአቅራቢ ትልቁ ሀብት ገበሬዎቹን ማወቁ ነው። የ12,000 ሰው ስም፣ ቀበሌና የማሳ ነጥብ በአንድ ፋይል ለላኪ ያስረከበ፣ በሚቀጥለው ዓመት ላኪው እሱን ዘሎ በቀጥታ ገበሬው ደጅ ቢደርስ ሊገርመው አይገባም። ከተሸጠው ቡና ጋር የሚመጣጠነውን ክፋይ ብቻ የሚሰጥ ግን ለሚቀጥለው ድርድር የሚይዘው ካርድ ይኖረዋል። ደላላውም ቢሆን ከአሁን በኋላ ናሙና ብቻ ይዞ ቢመጣ በቂ አይሆንም፤ ከናሙናው ጋር ፋይሉ የዚያው ቡና መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል።

የደንቡ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ተገፍቷል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 በወጣው ማሻሻያ ለትላልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል። ድርጅቱ ትልቅ ወይም ትንሽ የሚባለው በአውሮፓዊው አስመጪ መጠን እንጂ በወለጋው አቅራቢ መጠን አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። አነስተኛ ነጋዴ ነኝ ብሎ እስከ 2027 የሚጠብቅ፣ ገዢው ትልቅ ድርጅት ከሆነ ጊዜው አምልጦት ይገኛል።

የ2019 ዓ.ም. የወለጋ ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ ወደብ የሚደርሰው የመጀመሪያው ቀነ ገደብ ካለፈ በኋላ ነው። ጀንፈሉ ከአንድ ክምር ከፈሰሰ በኋላ የማን እንደነበረ ሊለይ የሚችል ኮምፒዩተር የለም። ፋይሉ የሚከፈለው በቢሮ ሳይሆን በመረከቢያው ሚዛን ላይ፣ ጆንያው የገበሬው ስም ተጽፎበት በሚታሰርበት ሰዓት ነው።