«ወረቀትሽ በእኔ እጅ ነው» ለሚል ባል ሕጉ ምን ይላል?

ስልኬ ሲጮኽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነበር። ቨርጂኒያ ላይ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። የደወለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ከኋላዋ ውኃ ሲፈስ ይሰማኛል። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ቧንቧ ከፍታ ነው የደወለችው።

«ተኝተሽ ነበር? ኢንተርኔት ላይ አንድ ነገር እዪልኝ። እኔ እንዳላይ ስልኬን ይፈትሸዋል» አለችኝ። «ባልየው ካልፈረመ ግሪን ካርዱ ይቃጠላል የሚባለው እውነት ነው?»

አላውቅም ነበር። ከቤተሰባችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚነግራት የሚጠቅመውን ነበር።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ የምረቃ ስጦታ ብሎ የላከልኝ እሱ ነው። የአክስቴን ቤት ጣሪያ ያስቀየረውም እሱ ነው። አሜሪካ በገባች በስድስተኛ ወሯ «ይቆጣል፣ ያስፈራኛል» ብላኝ ነበር። እኔም «ሥራ ደክሞት ይሆናል፣ ትንሽ ቻይው» አልኳት። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ያገኘሁት መልስ ይኸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምንም አልነገረችኝም። ፓስፖርቷን እንደወሰደባት፣ ደሞዟ በቀጥታ ወደ እሱ አካውንት እንደሚገባ፣ በኋላም እጁን ማንሳት እንደጀመረ የሰማሁት በዚያች ሌሊት ነው። በተነሱ ቁጥር የሚደግማት አንዲት ቃል ነበረችው፦ «አንድ ስልክ ነው የምደውለው፤ በማግስቱ ቦሌ ትወርጃለሽ።»

ኢኮኖሚክስ ስንማር የመረጃ አለመመጣጠን የሚባል ነገር አለ። ከሁለት ተዋዋዮች አንዱ ብቻ እውነቱን ሲያውቅ ዋጋውን የሚተምነው እሱ ይሆናል። መምህራችን ምሳሌ ያደረጉልን ያገለገለ መኪና ነበር። እኔ ግን የገባኝ ከቧንቧው ድምፅ ነው። እና በዚያ ሰሞን ያነበብኩትንና በኋላ ጠበቃዋ ያረጋገጡላትን በአማርኛ ላካፍላችሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህም የጠበቃ ምክርን አይተካም። ግን «ምንም መብት የለሽም» የሚለው ውሸት መሆኑን ለማወቅ ይበቃል።

ካርዱ በምን መንገድ መጣ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይኼ ነው። ባል ዲቪ ደርሶት ሚስቱን አብሮ ከወሰደ፣ እሷም በዚያው በዲቪው ግሪን ካርድ ካገኘች፣ ካርዱ የራሷ ነው። ብትፋታም አይነጠቅም። እሱ «እኔ ነኝ ያመጣሁሽ፣ እኔ እመልስሻለሁ» ቢልም ካርዱን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም። በዲቪ ሄደው ይህን ሳያውቁ ለዓመታት የሚኖሩ ሴቶች አሉ።

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አግብታ የሄደች ግን ሁኔታዋ ይለያል። ካርዱን ስታገኝ ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት የሁለት ዓመት ካርድ ነው። እሱ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አይ-751 የሚባለውን ቅጽ አብረው ፈርመው ማስገባት አለባቸው። «ካልፈረምኩ ያልቅልሻል» የሚለው ማስፈራሪያ የሚመጣው ከዚህ ነው። የአክስቴ ልጅም ካርዷ ሊያልቅ ስምንት ወር ነበር የቀረው።

ሕጉ ግን ለዚህ በር አበጅቷል። ትዳሩ የእውነት የነበረና ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ የተፈጸመባት ሴት የባሏን ፊርማ ሳትጠብቅ ያንኑ ቅጽ ብቻዋን ማስገባት ትችላለች። 90 ቀኑን መጠበቅም የለባትም፤ ፍቺው እስኪያልቅ መቆየትም ግዴታ አይደለም።

ምንም ካርድ ከሌላትስ?

አንዳንዱ ባል ማመልከቻውን ጭራሽ አያስገባም። ወይም አስገብቶ ሲጣሉ ያነሳዋል። ሚስት ቪዛዋ ያልቅና ወረቀት አልባ ትሆናለች። በእሱ ላይ ደግሞ «ፖሊስ ብትጠሪ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» ይባላል።

ለዚህ የወጣው ሕግ በእንግሊዝኛ ምህፃሩ ቫዋ ይባላል፤ በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለመከላከል በ1994 እ.ኤ.አ. የጸደቀ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ተጎጂዋ አይ-360 የተባለውን ቅጽ ሞልታ ራሷ ለራሷ ታመለክታለች። ባልየው አይፈርምም፣ አይጠየቅም፣ እንዲያውቅም አይደረግም። የቅጹ ማስገቢያ ክፍያ የለውም። ማመልከት የምትችለው አሜሪካዊ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያገባች ናት። ማሳየት ያለባት ትዳሩ ለወረቀት ተብሎ ያልተደረገ መሆኑን፣ አብረው መኖራቸውን፣ ጥቃት መድረሱንና መልካም ጠባይ ያላት መሆኑን ነው።

አምስት ነገሮች ላስምርባቸው፦

አንደኛ፣ ጥቃት ማለት ዱላ ብቻ አይደለም። ማስፈራራት፣ ከሰው መነጠል፣ ገንዘብና ሰነድ መቆጣጠር፣ «አስባርርሻለሁ» እያሉ ማስጨነቅ ተደማምረው ከባድ ጭካኔ ሊባሉ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ስሙ የሴቶች ይሁን እንጂ ወንዶችም ማመልከት ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ከተፋቱ በኋላም ፍቺው ከጥቃቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ሁለት ዓመት ጊዜ አለ። ማመልከቻው ሳይጸድቅ ሌላ ሰው ካገባች ግን ውድቅ ይሆናል።

አራተኛ፣ ያላገቡና 21 ዓመት ያልሞላቸው ልጆቿን አብራ ማካተት ትችላለች።

አምስተኛ፣ ይቺ ብዙ አትወራም፦ ዜጋ በሆነና 21 ዓመት በሞላው ልጃቸው የሚበደሉ ወላጆችም በዚህ ሕግ ማመልከት ይችላሉ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ሄደው፣ ፓስፖርታቸው ተደብቆ፣ ከቤት እንዳይወጡ የተደረጉ እናቶች በየሰፈራችን ሲወራ ሰምተን የለም?

ባልየው ዜጋም ግሪን ካርድ ያለውም ካልሆነ ደግሞ ዩ ቪዛ አለ። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን የቤት ውስጥ ጥቃትን ጨምሮ የከባድ ወንጀል ሰለባ ለሆኑና ለምርመራው ለተባበሩ ሰዎች ነው። እዚህ ላይ የበዳዩ ወረቀት አይታይም። ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ «ተባብራናለች» ብሎ የሚፈርምበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ችግሩ በዓመት የሚሰጠው ለ10,000 ዋና አመልካቾች ብቻ ስለሆነ ወረፋው ዓመታት ይፈጃል።

«ልደውል?» ይደውላ

የአክስቴን ልጅ በጣም ያስፈራት ስልኩ ነበር። ለኢሚግሬሽን ደውሎ «የወረቀት ትዳር ነው» ቢልስ? ሕጉ ይህንንም አስቦበታል። መሥሪያ ቤቱ ከበዳዩ ብቻ በመጣ መረጃ ተመሥርቶ ማመልከቻዋን ሊጥል አይችልም። ማመልከቷንም ሆነ የጻፈችውን ለእሱ መንገር በሕግ የተከለከለ ነው።

ሌላም አለ። በትዳር ሲያስመጣት «እደግፋታለሁ» ብሎ የፈረመው የገንዘብ ዋስትና በፍቺ አይፈርስም። ዜግነት እስክታገኝ ወይም አሥር ዓመት ያህል የሚሆን የሥራ ጊዜ እስኪቆጠርላት ድረስ በአብዛኛው ይቀጥላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ማን ማንን ነው የሚያስፈራራው?

ማስረጃ ከየት ይመጣል?

«ፖሊስ ጠርቼ አላውቅም፣ ምን ማስረጃ አለኝ?» አለች። የፖሊስ ሪፖርት ካለ ጥሩ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም። የሐኪም ወረቀት፣ የቁስል ፎቶ፣ የዛቻ መልእክት፣ የድምፅ መልእክት፣ የጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ምስክርነት፣ ከሁሉም በላይ የራሷ ዝርዝር ቃል ይቆጠራል።

ትዳሩ የእውነት መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ፎቶ፣ የጋራ የቤት ኪራይ ውል፣ የባንክ ሂሳብ፣ ግብር አብሮ የተከፈለበት ሰነድ ነው። የሠርጉን አልበም ከአክስቴ ቁም ሣጥን አውጥቼ ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ ሳቅ ውስጥ «ይቺን ቀን እውነት ነበረች» ብሎ የሚመሰክር ነገር መፈለግ ከባድ ነው።

ስልክ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዋትስአፕና ቴሌግራም በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍተው እንደሆነ በሴቲንግ ውስጥ ይታያል። የጋራ የጉግል ወይም የአፕል አካውንት ካለ ፎቶዎቹ ወደ እሱ ስልክም ይሄዳሉ፤ ሎኬሽንም እንደዚሁ። ማስረጃ በእሱ ስም በተከፈለ ስልክ ላይ ብቻ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። እኛ ያደረግነው እሷ በመሥሪያ ቤቷ ኮምፒዩተር አዲስ ኢሜይል ከፍታ ሁሉንም እዚያ ማስቀመጥ ነበር።

ለማን ይደወላል?

አደጋው አሁን ከሆነ 911። ለምክርና ለመጠለያ ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት የስልክ መስመር አለ፦ 1-800-799-7233። ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። መጠለያዎቹ በነፃ ከሚሠሩ ጠበቆች ጋር ያገናኛሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በየሰፈሩ «ፎርም እሞላለሁ» የሚል የኛው ሰው አይጠፋም። በአሜሪካ ሕግ የኢሚግሬሽን ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና የተሰጠው ወኪል ብቻ ነው። በተሳሳተ ቅጽ የተበላሸ ጉዳይ ለማቃናት ከባድ ነው። ለባልየው ዘመድ የሆነ አስተርጓሚም አትቀበሉ።

ሌላ አገር ላላችሁ ባጭሩ፦ እንግሊዝ በትዳር ቪዛ የገባች ሴት ትዳሯ በጥቃት ምክንያት ከፈረሰ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት የምትችልበት መንገድ አለ። ጀርመን ሦስት ዓመት አብሮ መኖር ይጠየቃል፤ ጥቃት ካለ ግን ያ ሊታለፍ ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃዱ በአመዛኙ ከአሠሪ ወይም ከስፖንሰር ጋር ስለሚታሰር ነገሩ ሌላ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ ከዚያች ሌሊት ከአምስት ሳምንት በኋላ በሥራ ሰዓቷ በአንድ ቦርሳ ወጣች። መጠለያ ገባች፣ ጠበቃ አገኘች፣ አይ-751ን ብቻዋን አስገባች። መልሱ ገና አልመጣም። የማመልከቻው ደረሰኝ ግን ፈቃዷን ስላራዘመላት ሕጋዊ ሆና እየሠራች ትጠብቃለች። ደሞዟ አሁን በራሷ አካውንት ነው የሚገባው።

የከበደው እዚህ ነበር። አክስቴ «የልጄን ትዳር ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» ብላ ሁለት ወር አላናገረችኝም። ጠበቃዋ የቤተሰብ ምስክርነት ያስፈልጋል ሲሉ እኔ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ ልጇ ራሷ ደወለችላት። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። በማግስቱ አክስቴ ቤታችን መጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠችና «ጻፊ» አለችኝ።

ስትደውል ድምጿ እንዴት እንደተለወጠ፣ የፋሲካ ዕለት ከኋላ ጩኸት ሰምታ ስልኩ እንደተዘጋ፣ «ምንም የለም እማዬ» ያለቻትን ቀናት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ለካ ሁሉንም ታውቅ ነበር። እኔም እሱ በላከው ላፕቶፕ ላይ ቃሏን ጻፍኩ፣ ለተርጓሚ ሰጠሁ፣ ወደ ቨርጂኒያ ላክን።

አሁን አንዲት የምታውቋት ሴት ትዝ ብላችሁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ዝም ብላችሁ እንዳትልኩላት። መጀመሪያ ስልኳን ማን እንደሚያየው ጠይቋት። ከዚያ ለብቻዋ ስትሆን ንገሯት። ደሞ እባካችሁ፣ እንደ እኔ «ትንሽ ቻይው» አትበሏት።